ላይኛዋ የጋሼ አምባው፣ ታችኛዋ የጋሽ ሙሄ

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር፣ መካነ ሰላም ካለው የመሣሪያ ፈቃድ ክፍል በር ላይ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ተቀምጬ ተራ ጠበቅሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት ከጠረጴዛው ወዲያ ነው። የፖሊስ መሣሪያ ግምጃ ቤት ጠባቂና ጠጋኝ ሆኜ ከላላ፣ ደጎሎ፣ ማሻና መካነ ሰላም አገልግያለሁ። ሰው ሽጉጡን ይዞ ሲመጣ ከፍቼ የማየው፣ ይህቺ ደህና ናት፣ ያቺ ትታከም የምለው እኔ ነበርኩ። ያን ዕለት ግን የራሴን ሽጉጥ በጨርቅ ጠቅልዬ አንድ ወጣት ሳጅን ፊት ቀረብኩ።

ልጁ በስልኩ መብራት ግራ ቀኟን አያትና ቀና አለ።

«ጋሼ ይመር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የላይኛው ብረትና የታችኛው ብረት ቁጥር አይገጥምም።»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«እንዳይገጥም ያደረግኩት እኔ ነኛ!»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ነገሩን በትሕትና አስረዳኝ። በአዲሱ አሠራር ለአንድ ሰው አንድ መሣሪያ ነው የሚፈቀደው፤ የዚያም ቁጥር ከላይ እስከ ታች አንድ መሆን አለበት። ድሮ የተጻፈልኝ ማስረጃ ከእንግዲህ አይሠራም። ክረምት ሳይገባ ካላስተካከልኩ ማስረከብ ግድ ነው። ጨርቄን መልሼ ጠቅልዬ ወጣሁ። ቤት እስክደርስ ድረስ ሰላምታ ለሰጡኝ ሰዎች እንኳ በቅጡ አልመለስኩላቸውም።

ስለ ሽጉጧ ካልነገርኩ ለምን እንዲህ እንደሆንኩ አይገባም። ጣሊያን ሠራሽ ናት። ከመዳፍ ብዙም አትተርፍም። ሰባት ጥይት ትጎርሳለች፤ አንዱን ስትተኩስ ቀጣዩን ራሷ ታቀብላለች። በእኛ አገር በየጓዳው ብዙ ነበረች። ሰው ሁሉንም አንድ ዓይነት ያደርጋቸዋል እንጂ አንድ አይደሉም። መጀመሪያ የተሠሩት፣ ጦርነቱ ሳይፋፋም በእርጋታ የተሞረዱት ናቸው። ቀለማቸው እንደ ጥቁር አውራ ዶሮ አንገት ነው፤ ወደ ብርሃን ሲያዞሯቸው ሰማያዊ ይላሉ። ከፍተው ውስጣቸውን ሲዳስሷቸው፣ ማንም በማያየው ቦታ እንኳ ጣት አይቧጥጡም። በኋላ በጥድፊያ የወጡት ግን አመድማ ናቸው፤ ውስጣቸውም የሞረድ ጭረት ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን «ፊተኞች» እላቸዋለሁ። ማን ይዟቸው እንደመጣ አላጣሁትም። ባለቤቴ ዘነበች «ወራሪ ጥሎት የሄደውን ብረት እንደ ልጅ ታቅፋለህ» እያለች ትስቅብኛለች። እሷ ትሳቅ እንጂ፣ ለእኔ ብረቱን አሳምሮ የሠራው ሰውና ይዞት የመጣው ሰው ተለያይተው ነው የሚታዩኝ።

ይህን ማየት ያስተማሩኝ ሃምሳ አለቃ ሙሄ ናቸው። ከላላ ስመደብ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። አባታቸው ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ ልጆች የሚያስተምሩ ሼህ ነበሩና ልጅየው ወደ ብረት ማዘንበላቸው በቤተሰቡ ዘንድ ብዙ አልተወደደም ይባላል። እሳቸው ግን የአባታቸውን ሥርዓት ወደ ብረቱ ይዘውት መጡ። ሽጉጥ ከመክፈታቸው በፊት በሩን ይዘጋሉ፣ ኮፍያቸውን ይሰቅላሉ፣ «ቢስሚላህ» ይላሉ። ከተቆጡ አይነኩም። አንድ ቀን አለቃችን በስብሰባ ፊት አበሳጭቷቸው መጥተው፣ ከሩቅ አገር በበቅሎ የመጣን ሰው «ነገ ና፣ ዛሬ እጄ ጤነኛ አይደለም» ብለው ሲመልሱት አይቻለሁ። ሰውየው እያጉረመረመ አደረ፤ በማግስቱ ግን እንደ አዲስ አድርገው ሰጡት።

ካረጀ ጋቢ የተቀደደ ነጭ ጨርቅ ነበራቸው። ራሳቸው ያጥቡታል፣ ለሚስታቸው ለእመት ፋጡማ እንኳ አይሰጡም። ሽጉጧን ሲፈቱ እያንዳንዱን ዕቃ ቁርኣናቸው በሚነበብበት መንገድ ከቀኝ ወደ ግራ ይደረድሩታል። ሲገጥሙ ከግራ ተነሥተው ወደ ቀኝ ይመለሳሉ። አንድም ቀን «የት ገባ?» ሲሉ አልሰማኋቸውም። ሕጋቸው አንድ ነው፦ አንድ ጨርቅ፣ አንድ ሽጉጥ። የሁለት ሽጉጥ ዕቃ በአንድ ጨርቅ ላይ ፈጽሞ አያዋሉም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። እሱ የመጣው ከአንድ ክስ ነው። በከላላ ገጠር አንድ ወጣት ታናሽ ወንድሙን በሽጉጥ ገደለ ተብሎ ተይዞ መጣ። ልጁ «ባዶ ናት ብዬ ነው፣ ካዝናውን አውጥቼው ነበር» እያለ ያለቅሳል። ካዝና የሚባለው ጥይቶቹ የሚደረደሩበት፣ ከእጀታው ሥር ተስቦ የሚወጣው ነው። አገሬው ግን «ለመሬቱ ብሎ ነው የገደለው» ይላል። ጋሽ ሙሄ ሽጉጧን አስመጥተው መርማሪው ባለበት አሳዩ። ካዝናው ቢወጣም ቀድሞ ወደ ጉሮሮዋ የገባው ጥይት እዚያው ይቀራል፤ ምላጯ ሲሳብም ይተኮሳል። ልጁ ሆን ብሎ ገደለ ከመባል ዳነ። ሲወጣ ግን አልተደሰተም፤ የወንድሙን ጫማ ይዞ ነበር የሄደው።

«ካዝናውን ሲያወጡ ሞቱን ያወጡ ይመስላቸዋል» አሉኝ ያን ዕለት። ከዚያ ወዲህ ሽጉጥ ይዞ የመጣን ሁሉ፣ ትልቅ ሰው ይሁን ትንሽ፣ ላይኛውን ብረት ወደ ኋላ አስይዘው ትንሿን ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ያስከትቱታል። ያልዳሰሰ ሰው ባዶ ናት እንዲል አይፈቅዱም። እኔም እስከ መጨረሻው የሥራ ቀኔ ድረስ ባለጉዳዩን ሁሉ እንደዚያ አደረግኩት። አንዳንዱ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።

የፊተኞቹ ፍቅር የያዘኝ ከሳቸው ሽጉጥ ነው። የአባታቸው ወንድም ትተውላቸው የሄዱት ናት። ሁሉም ነገሯ የራሷ ነበር፤ የላይኛው ብረት ቁጥርና የታችኛው ብረት ቁጥር አንድ፣ እጀታዋ የዱሮው፣ ካዝናዋ ሳይቀር አብሯት የተወለደ። ለሚሰበስብ ሰው ትልቁ ነገር ይኼ ነው። ብዙዎቹ ሽጉጦች ከአምስት የሞቱ ሽጉጦች ተለቃቅመው የቆሙ ናቸው። በሥራ ዘመኔ ሕጉ በሚፈቅደው እየገዛሁ፣ እየለወጥኩ፣ ሦስት ፊተኞች በእጄ ገብተዋል። አንዷ እጀታዋ በወይራ የተቀየረ ነበር፤ መጀመሪያ ናቅኋት፣ በኋላ ከሁሉ አብልጬ ወደድኳት። አሠራሩ ሲለወጥ ሁለቱን ፈቃድ ላለው ሰው አሳለፍኩ፣ ባለ ወይራዋን አስረከብኩ። አሁንም ወይራ ሲጠረብ ከሸተተኝ እሷ ትመጣብኛለች።

ከከላላ ወደ ደጎሎ ተዛወርኩ። ጋሽ ሙሄ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ። ደጎሎ የጃማ ከተማ ናት፣ አገሩም ሜዳ ነው፤ ክረምት ላይ ጥቁሩ አፈር ጫማ ያወልቃል። የጃማ ገበሬ ስንዴውንም ሽጉጡንም ጎተራ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ እኔም ብናኝ ስጠርግ ነው የምውለው። አንድ ቀን አቶ አምባው የሚባሉ ገበሬ ከጎተራ ያወጧትን ሽጉጥ አመጡ። ገለጥ ሳደርጋት ፊተኛ! ከጋሽ ሙሄ ሽጉጥ በቀር እንደዚያ ሙሉ የሆነች አይቼ አላውቅም ነበር።

ክፉ ዕድል ሆኖ በዚያው ሳምንት ጋሽ ሙሄ የምላጯ ሞላ ላልቷል ብለው የራሳቸውን ልከውልኝ ነበር። ሁለት ሙሉ ፊተኞች በአንድ ክፍል። ምን እንደተሰማኝ ያልሰበሰበ ሰው አይገባውም። ጎን ለጎን ተከፍተው ላያቸው ፈለግኩ። አንዱን ጨርቅ አነጠፍኩና ሁለቱንም ፈታኋቸው። ሞላውን በሞላው አጠገብ፣ በርሜሉን በበርሜሉ አጠገብ እያደረግኩ እንደ ሕፃን ፈዝዤ ቀረሁ። አለቃዬ በሩን ደብድቦ ጠራኝ፤ መኪና ሊነሣ ነው፣ ወደ ገጠር ውጡ ተብለናል። ቶሎ ቶሎ ገጠምኳቸው። የኋለኞቹ ቢሆኑ ኖሮ እንቢ ይሉኝ ነበር፤ የአንዷ ላይኛ በሌላዋ ታችኛ ላይ ያለ ሞረድ አይሄድም። ፊተኞቹ ግን እጅግ ተመጣጥነው የተሠሩ ናቸውና፣ የአንዷ በሌላዋ ላይ እንደ ቅቤ ሸተት ብሎ ገባ። ምንም አልጠረጠርኩም። የጋሽ ሙሄን በሾፌር ላክሁ፤ አቶ አምባውም መጥተው የሳቸውን መርቀውኝ ወሰዱ።

ከዚያ አቶ አምባው ወደ ዘመድ ሲሄዱ መንገድ ላይ አንድ ኬላ ተፈተሹ። ቁጥሩ አልገጠመም። የሌላ ሰው ሽጉጥ ሰርቀህ ቀላቅለህ ነው ተብለው ታሰሩ። ወሬው ደጎሎ ሲደርስ የሠራሁት ስሕተት ገባኝ። ለአለቃዬ ተናገርኩ፤ ማስረጃ ጻፈልኝና ይዤው በረርኩ። አቶ አምባው ሲፈቱ ጋቢያቸው አቧራ ለብሶ፣ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

«አንተ ነህ ወይ ያሳሰርከኝ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። አፈር ስሆን ይቅር ይበሉኝ።»

«ሌባ ተባልኩ እኮ! በልጄ ፊት። ከልጄ ፊት እጄን ይዘው ነው ያስገቡኝ።»

አቶ አምባው ከኬላው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና የጋቢያቸውን አቧራ አራገፉ። ከዚያ ድንገት ቀና አሉ።

«ያችን ግማሽ የያዘው ማነው?»

«የከላላ ሰው ናቸው። ሃምሳ አለቃ ሙሄ ይባላሉ። ያስተማሩኝ ሰው ናቸው።»

«እሱንም አሰሩት?»

«የለም፣ እሳቸውን የነካቸው የለም።»

«እንኳን!» አሉ። ራሳቸው ከእስር በወጡ በደቂቃ ውስጥ ነው ይህን ያሉት።

«ነገውኑ ከላላ ሄጄ ያችኛዋን አምጥቼ ላስተካክላት» አልኩ።

«ደግሞ አንተ ልትከፍታት? ሞተህ ተገኝተሃል! እኔና እሱ ተገናኝተን፣ ዓይናችን እያየ ነው የምትከፍታት። እስከዚያ ላይኛዬን እንዳያዝጋት ንገርልኝ።»

ከላላ ስደርስ ጋሽ ሙሄ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ገና አፌን ሳልከፍት «ማንን ነው ቤቴ ያመጣህብኝ?» አሉኝ። የደረሰቻቸው ዕለት አውራ ጣታቸውን በላይኛዋ ላይ ሲያሳልፉ፣ ያለ ቁጥርም አውቀዋታል። ራሴ መጥቼ እስክናገር ይጠብቁኝ ነበር። ስለ ኬላው ስነግራቸው ተቆጡ፤ «አንድ ጨርቅ!» ብለው ጮኹብኝ። አቶ አምባው «ላይኛዬን እንዳያዝጋት» ማለታቸውን ስነግራቸው ግን ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

«በል ወላሂ ጥሩ ሰው ነው። እንግዳህ ደህና ናት በለው። እንገናኝና እንለዋወጣለን ኢንሻአላህ።»

ይቅር አሉኝ። ሽጉጣቸውን ግን ከዚያ ወዲህ በሕይወት እስካሉ ድረስ እንድከፍታት አልሰጡኝም። ብረት በነካሁ ቁጥር ይኼ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወደ ማሻ ተዛወርኩ። የማሻው አለቃዬ ሁሉ ነገር እንዲያብረቀርቅለት የሚወድ ሰው ነበር፤ ያረጀውን ጠመንጃ ሁሉ በሸክላ ዱቄት እሹልኝ ይለናል። እኔ ስታመም፣ ስሰወር፣ ሰበብ ስደረድር ዓመታት አለፉ። ፊተኞቹን አንድም ቀን በሸክላ አላስነካሁም።

ሁለቱ ሰዎች ግን አልተገናኙም። አንድ ጊዜ ክረምት ነው፣ አንድ ጊዜ አጨዳ ነው፣ አንድ ጊዜ ረመዷን ነው፣ አንድ ጊዜ ሁዳዴ ነው። መንገዱ ያን ያህል ሩቅ ሆኖ አይደለም። በኋላ እንደገባኝ፣ ሁለቱም አልቸኮሉም። ተገናኙ ማለት ተለዋወጡ ማለት ነው፤ ተለዋወጡ ማለት ደግሞ ጨረሱ ማለት ነው። እኔ መኻል ላይ መልእክተኛ ሆንኩ። ደጎሎ ስሄድ «ላይኛዬ እንዴት ናት?» ይሉኛል፤ ከላላ ስሄድም «የእኔዋስ ላይኛ እንዴት ናት?» ይሉኛል። ለዒድ ከጃማ ስንዴ ይመጣል፤ ለፋሲካ ከከላላ ማር ይሄዳል። የአቶ አምባው ልጅ ስትዳር ጋሽ ሙሄ ወፍራም የሱፍ ባና ላኩ። ስለ ሽጉጥ የተጀመረው ጥያቄ ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆች ሆነ።

ጋሽ ሙሄ ሲታመሙ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከራስጌያቸው በጨርቅ የተጠቀለለችውን ሽጉጥ አውጥተው ሰጡኝ።

«አልተገናኘንም እኮ» አሉ።

«ይሻልዎታል፣ አብሽሩ፣ ትገናኛላችሁ።»

«አታባብለኝ። ታችኛዋን ላንተ ትቻለሁ፤ ልጆቼም ያውቃሉ። ላይኛዋ ግን የሰው ናት፣ አማና ናት፣ አደራ። ከእጅህ ወደ እጁ።»

ለቀብራቸው አቶ አምባው አልደረሱም፤ መርዶው ዘግይቶ ነው የሰሙት። ለለቅሶ ግን መጡ። ከሐዘንተኞቹ አንዱ «ከሟቹ በምን ትዛመዳላችሁ?» ሲላቸው «በብረት» ብለው መለሱና ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። በዚያ ለቅሶ መኻል ሽጉጥ ክፈቱ የሚል ሰው አልነበረም። እኔም በኋላ አላነሣሁትም። አማናው ይከብደኝ ነበር፤ ግን እኔም እንደነሱ አልቸኮልኩም። የጋሽ ሙሄ እጅ የለመደባት ብረት በቤቴ መኖሯ በቂዬ ነበር።

እንግዲህ የፈቃድ ክፍሉ ልጅ ያስታወሰኝ ይህን ሁሉ ነው። ደጎሎ ስደውል ለአቶ አምባውም እንደዚያው ተነግሯቸዋል። ለመንገድ የሚሆነኝን ወረቀት አስጽፌ በሚኒባስ ሄድኩ። ጋሼ አምባው አርጅተዋል። ዓይናቸው ጥላ ብቻ ነው የሚያየው። በድምፄ አወቁኝና ከእጄ ላይ ጨርቁን ዳስሰው «መጣች?» አሉ።

ምራታቸው ንጹሕ ነጠላ አመጣችልኝ፤ ከኔ ጨርቅ ጎን አነጠፍኩት።

«ስንት አነጠፍክ?» አሉኝ።

«ሁለት ነው ጋሼ።»

«ተማርክ እንግዲህ» ብለው ሳቁ።

ቢስሚላህ አልኩ፤ ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። ከቀኝ ወደ ግራ ደረደርኩ። የጋሽ ሙሄን ላይኛ ከጋሽ ሙሄ ታችኛ ላይ ሳስገባት፣ ያ ድሮ የማውቀው ድምፅ፣ ጠቅ የምትለዋ፣ ከላላን ቤቱን ሞልታ አመጣችልኝ፤ የተዘጋውን በር፣ የተሰቀለውን ኮፍያ፣ የታጠበውን ጨርቅ። ዕድሜ ልኬን ሙሉ ፊተኛ ስፈልግ የኖርኩት ይህቺን ስፈልግ ነው። ሌሎቹ ሁሉ የሷ ምትክ ነበሩ። አሁን ቁጥሯ ገጥሞ፣ ፈቃዷ ተፈቅዶ፣ የእኔ ልትሆን ነው። አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም።

«በቃ ጋሼ» አልኩ። «ይህቺ የእርስዎ፣ ያቺ የጋሽ ሙሄ።»

ጋሼ አምባው የራሳቸውን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት።

«እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ ማን ይጠይቀኛል?» አሉ።

«እኔ አለሁ ጋሼ።»

«አለህ። ግን ምን ብለህ ትመጣለህ?» የራሳቸውን አንሥተው ወደኔ ዘረጓት። «የኔዋን አንተ ውሰዳት። የሱን ለኔ ስጠኝ። ሙሉዋን ለሙሉዋ። ቁጥሩም ይገጥማል፣ መንግሥትም አይቆጣ።»

«ጋሼ… እሳቸው እኮ ለእኔ ነው የተዉልኝ።»

«ታችኛዋን ነዋ። ላይኛዋ ይኼን ሁሉ ዘመን የኖረችው እኔ ጋ ነው። ጠየቅሁህ እንጂ አልቀማህ። እሱን አንተ አይተኸዋል፣ ከሱ ጋር በልተሃል፣ ተቆጥቶሃል። እኔ መልኩን እንኳ አላውቀው።»

የመጨረሻው ቃል አንገቴን አስደፋኝ። የጋሽ ሙሄን ሽጉጥ አንድ ጊዜ ወደ ብርሃኑ አዞርኳት፤ ሰማያዊ አለች። ከዚያ ሰጠኋቸው። ማንም ሳይነግራቸው ላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ይዘው ትንሿን ጣታቸውን ጉሮሮዋ ውስጥ ከተቱ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለው አሳለፉባት፣ የሰውን ፊት እንደሚዳስስ ዓይነ ስውር። ምራታቸውን ጠርተው ያን የሱፍ ባና አስመጡና ጠቀለሏት።

በጽሕፈት ቤቶቹ በኩል የሁለታችንም ስም ተዛወረ። የመካነ ሰላሙ ልጅ ቁጥሩን አይቶ «አሁን ሙሉ ናት ጋሼ» አለኝ። ሙሉ ናት። በሕይወቴ ከያዝኳቸው ሁሉ የበለጠች ፊተኛ ናት። አንዳንድ ቀን አውጥቼ ስጠርጋት ግን እጄ የሚፈልገው ሌላዋን ነው። ናፍቆቱ አልወጣልኝም፤ እንዲወጣም አልፈልግም።

ጋሼ አምባው በልጃቸው ስልክ ይደውሉልኛል።

«የኔዋ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ አልዛገችም። የጋሽ ሙሄስ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አጠገባቸው የተኛ ሰው እንዳይነቃባቸው የፈሩ ይመስል፣ «ሙሄማ እዚሁ ነው» ይሉኛል፤ «ከራስጌዬ ነው።»